90 ዶላሩ የት ገባ?

«ሰላም ላንተ ይሁን። የምጽፍልህ ከዚሁ ከጎንደር፣ ከማራኪ ነው። የ70 ዓመቱ አባታችን ሜሪላንድ ታላቅ ወንድማችን ዘንድ 7 ዓመት ኖረዋል። መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠርተው ያጠራቀሟትን 24,000 ዶላር ሪት በሚሉት የሪል እስቴት አክሲዮን ላይ አዋሏት። በየሦስት ወሩ 300፣ በዓመት 1,200 ዶላር ታስገኛለች። ግሪን ካርዳቸውን መልሰው አገራቸው ከገቡ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። ሒሳቡን የሚከታተለው ወንድማችን ነው። ካለፈው ዓመት ጥር ወዲህ ግን 300ው 210 ሆነ። ስንጠይቀው ‹ታክስ ነው› ይልና ስልኩን ይዘጋል። አባታችን እዚያ እያሉ አንዲት ሳንቲም ተቆርጦባቸው አያውቅም። እኔም እዚህ የባንክ አክሲዮን አለኝ፣ የሚቆረጥብኝ 10 በመቶ ነው። በዚያ ላይ ሪት የሚባለው ኩባንያ ጭራሽ ታክስ አይከፍልም ብለው ነግረውናል። ታናሽ እህቴ ‹እየበላው ነው› ትላለች፣ ሽማግሌ ልንልክበት ነው። አንድ ጎረቤት ደግሞ ‹አድራሻቸውን ወደ ልጃቸው ቤት ይመልሱት፣ መቆረጡ ይቀራል› ብሎናል። ሸጠን ገንዘቡን እዚህ ብናመጣውስ? ምን ትመክረናለህ?»

እህቴ፣ ሽማግሌው ይቅር። ወንድምሽ የአባቱን ገንዘብ አልበላም።

እንዲህ አፌን ሞልቼ የምናገረው ወንድምሽን አውቄው አይደለም። ቁጥሩ ራሱ ስለሚናገር ነው። ትናንት ማታ ፒያሳ ቁጭ ብዬ ደብዳቤሽ ጀርባ ላይ አሰላሁት። የ300 ዶላር 30 በመቶ 90 ነው። ከ300 ላይ 90 ሲነሳ 210 ይቀራል። በየሦስት ወሩ የሚደርሳችሁ ያቺው ናት፣ አልጨመረችም አልቀነሰችም። 30 በመቶ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ዜጋውም ነዋሪውም ላልሆነ ሰው ከሚከፈል የትርፍ ድርሻ ላይ የሚቆርጠው ነው። የሚቆርጠው አክሲዮኑን የያዘው ድርጅት ነው፣ ገንዘቡ ሒሳቡ ውስጥ ከመግባቱ በፊት። ወንድምሽ ያንን 90 ዶላር በእጁ አልነካውም።

«ታክስ ነው» ብሎ ስልክ መዝጋቱ ግን መልስ አይደለም። እዚያ ላይ ቅር ብትሰኙ አልፈርድባችሁም። ሆኖም አሜሪካ የሚኖር ሁሉ ይህን ነገር አብጠርጥሮ ያውቀዋል ማለት አይደለም። ምናልባት እሱም የሚያውቀው ያቺን አንዲት ቃል ብቻ ይሆናል፣ አስረዳ ሲባል ይጨንቀዋል፣ ስልኩን ይዘጋል። ስለዚህ ከሥሩ ልጀምርልሽ። ለአባትሽም ለእህትሽም አንብቢላቸው።

ሪት ማለት ከብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስቦ ሕንፃ የሚገዛና የሚያከራይ ኩባንያ ነው። አፓርታማ፣ መጋዘን፣ የገበያ ማዕከል፣ ቢሮ፣ ሁሉም አለበት። ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፣ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ፈርመውበት። የታሰበውም ትልቅ ሕንፃ ለብቻው መግዛት የማይችል ሰው ከኪራዩ እንዲደርሰው ነው። አባትሽ መኪና ማቆሚያ ውስጥ እየሠሩ ምናልባት አይተውት የማያውቁት ሕንፃ ባለድርሻ የሆኑት በዚህ መንገድ ነው። እኔ በበኩሌ ጥሩ ሕግ ነው እላለሁ።

ኩባንያው ታዲያ ግዴታ አለበት። ግብር ከሚታሰብበት ትርፉ ቢያንስ 90 በመቶውን በየዓመቱ ለባለአክሲዮኖቹ ማከፋፈል አለበት። ያንን ካደረገ፣ ያከፋፈለው ገንዘብ ግብር ከሚታሰብበት ትርፉ ላይ ይቀነስለታል። ሌላው የአሜሪካ ኩባንያ ከትርፉ 21 በመቶ የሚከፍለውን ሪት ባከፋፈለው ላይ አይከፍልም። «ሪት ታክስ አይከፍልም» ያላችሁ ሰው ግማሹን እውነት ነግሯችኋል። ግማሹን ትቶታል። ግብሩ አልቀረም፣ ከኩባንያው ትከሻ ወርዶ ተቀባዩ ትከሻ ላይ ነው ያረፈው።

በኬላ አስቢው። አንድ መኪና ከመተማ ሰሊጥ ጭኖ ወደ ጎንደር ይመጣል እንበል። አንዱ መኪና መንገድ ላይ ሁለት ኬላ አለበት፣ ሁለቱም ጋ ቆሞ ይከፍላል። ሌላው የመጀመሪያውን ኬላ በነፃ ያልፍና ከተማ መግቢያ ላይ ብቻ ይከፍላል። ሁለተኛው መኪና ከተማ መግቢያ ላይ ብዙ ስለከፈለ «ይኼ ሰውዬ ተበደለ» ማለት አይቻልም። ሁለቱም ጭነታቸውን ሲያራግፉ ስንት እንደቀራቸው ነው መታየት ያለበት።

የአንቺን የባንክ አክሲዮን በዚህ እንየው። ባንኩ 100 ብር አተረፈ እንበል። መጀመሪያ 30 በመቶ የትርፍ ግብር ይከፍላል፣ 70 ብር ይቀራል። ከዚያ ለመጠባበቂያ የሚያስቀምጠውን ለጊዜው እንተወውና 70ው ሁሉ ለባለአክሲዮን ተከፋፈለ ብንል፣ አንቺ በጻፍሽው 10 በመቶ 7 ብር ይቆረጣል። እጅሽ ላይ 63 ይደርሳል። አንቺ የምታይው ሁለተኛውን ኬላ ብቻ ነው። የመጀመሪያው 30 ብር ወደ አንቺ ከመምጣቱ በፊት ስለሄደ አይታይሽም፣ ደረሰኝሽም ላይ የለም። (ይህ 10 በመቶ በገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 የተቀመጠው ነው። አዋጁ በ2017 ተሻሽሏልና የሚቀጥለውን ክፍያ ስትቀበዪ ባንኩ የሚሰጥሽ ወረቀት ላይ የተቆረጠውን መጠን ደግመሽ ተመልከቺ።)

አሁን ወደ አባትሽ ሪት። ሪቱ 100 ዶላር አተረፈ። የመጀመሪያውን ኬላ በነፃ አለፈ። 100ው እንዳለ ለባለአክሲዮን ወጣ። ሁለተኛው ኬላ 30 ቆረጠ። አባትሽ እጅ 70 ደረሰ። 63 እና 70። «በ10 በመቶ ብቻ ነው የሚቆርጡኝ» ከምትይው ሒሳብ ይልቅ የአባትሽ ሪት የተሻለ ይዞላቸው ደርሷል። እኔ ራሴ መጀመሪያ ስሠራው ደግሜ አረጋግጫለሁ፣ አንቺም ሥሪው።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ከሁሉም በላይ ሰው የሚያጣላው ነው። «አባታችን እዚያ እያሉ አንዲት ሳንቲም አልተቆረጠባቸውም።» እውነት ነው፣ አልተቆረጠም። ከፍለዋል ግን። አሜሪካ ነዋሪ ለሆነ ሰው የትርፍ ድርሻው ሳይቆረጥ ይሰጠዋል። ከዚያ በየዓመቱ ሚያዝያ 7 አካባቢ ግብሩን ሲያሳውቅ ከደመወዙ ጋር ተደምሮ ይታሰብበታል። የአባትሽ ደመወዝ ላይ ዓመቱን ሙሉ ሲቆረጥ የቆየ አለ። የሪቱ ግብር ከእሱ ጋር ተቻችሎ ያልቃል፣ የሚመለስላቸው ገንዘብ ትንሽ ያንሳል፣ በቃ። እሳቸውም ልብ አላሉትም፣ እናንተም አልሰማችሁም።

ስንት ይከፍሉ እንደነበርም መገመት ይቻላል። እዚያ ላለ ግለሰብ ከሪት የሚገኝ ተራ የትርፍ ድርሻ ላይ 20 በመቶው ይነሳለታል። ይህ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሚሠራ ነው፣ በ2025 ቋሚ ተደርጓል። ከ1,200 ላይ 240 ሲነሳ 960 ይቀራል። በሳቸው ደመወዝ ልክ የሚታሰበው 12 በመቶ ቢሆን 115 ዶላር ከ20 ሳንቲም ነው። ሜሪላንድም የራሷን ትጨምራለች። ዛሬ የሚቆረጠው 360 ነው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ለአንድ ሽማግሌ የሚሰማ ገንዘብ ነው፣ ይህንን አልክድሽም። ነገር ግን ልዩነቱን ያመጣው የመኖሪያ አገራቸው መቀየር ነው። ግሪን ካርዱን ሲመልሱ በግብር ሕጉ ፊት «ነዋሪ ያልሆነ የውጭ ሰው» ሆኑ። ለእንዲህ ዓይነት ሰው የ20 በመቶው ቅናሽ የለም፣ ደረጃ በደረጃ የሚባል ስሌትም የለም፣ 30 ነው። ከአሜሪካ ጋር የግብር ስምምነት ያላቸው አገሮች ሰዎች ዝቅ ያለ መጠን የሚያገኙበት ሁኔታ አለ። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር እንዲህ ያለ ስምምነት የላትም። ስለዚህ 30ው 30 ሆኖ ይቀራል።

በቃል የነገርኩሽ እህትሽን ካላሳመናት ወረቀቱ ያሳምናታል። ወንድምሽን 1042-ኤስ የሚባለውን ቅጽ ላክልን በዪው። አክሲዮኑን የያዘው ድርጅት በየዓመቱ እስከ መጋቢት 6 ድረስ ያወጣዋል፣ ካለፈው ጥር እስከ ታኅሣሥ በፈረንጅ አቆጣጠር ያለውን ክፍያ ይዞ። የሒሳቡ ገጽ ላይ ገብቶ ሊያወርደው ይችላል፣ በስልክ ፎቶ አንስቶም ቢልከው ይበቃል። አንድ ገጽ ነው፣ በትንንሽ ሳጥን የተሞላ። ሁሉንም ለማንበብ አትሞክሪ፣ አራት ቦታ ብቻ ፈልጊ። ሳጥን 1 ላይ 06 የሚል ቁጥር ካለ የትርፍ ድርሻ ነው ማለት ነው። ሳጥን 2 ሳይቆረጥ በፊት የነበረው ጠቅላላ ገንዘብ ነው። ሳጥን 3ቢ ላይ 30 የሚል ታያለሽ። ሳጥን 7ኤ ለመንግሥት የገባው ነው። 2 ላይ 1,200፣ 7ኤ ላይ 360 ካለ፣ አባትሽን አጠገብሽ አስቀምጠሽ በጣትሽ እያሳየሽ አንብቢላቸው። የተቀባዩ ስምም የሳቸው መሆኑን እዩ።

ይህን ወረቀት አጥብቄ የምጠይቅሽ ምክንያት አለኝ። የአጎቴ ልጆች ከውጭ በሚላክ ገንዘብ ሆድና ጀርባ ሆነው 6 ዓመት አልተነጋገሩም። ጎደለ የተባለው ገንዘብ የማስተላለፊያ ክፍያ ነበር። ደረሰኙ አንድ መሳቢያ ውስጥ ቁጭ ብሎ ማንም አልጠየቀውም። የታረቁት አጎቴ ቀብር ላይ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በዪ። ቅጹ ላይ ያለው ቁጥር 1,200 እና 360 ሆኖ ላይመጣ ይችላል፣ ያን ጊዜ ደግሞ እንዳትደነግጡ። ሪት የሚከፍለው ገንዘብ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ማራኪ ላይ ለተማሪ የሚከራይ ቤት ያለው ሰው ያውቀዋል፣ ኪራዩ በየወሩ ይገባል፣ ቆርቆሮውና ግድግዳው ግን በየዓመቱ ያረጃል። የአሜሪካ ግብር ሕግ ይህን እርጅና እንደ ወጪ ይቆጥረዋል። የመኖሪያ ሕንፃን በ27 ዓመት ተኩል፣ ሌላውን በ39 ዓመት አካፍሎ በየዓመቱ ይቀንሳል። ይህ ወጪ ወረቀት ላይ ነው እንጂ ከካዝና የወጣ ጥሬ ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ ሪቱ እጁ ላይ ያለው ገንዘብ ግብር ከሚታሰብበት ትርፉ ይበልጣል፣ ትርፉን ተሻግሮም ያከፋፍላል። ያ የተረፈው ክፍል የራስሽ ገንዘብ እንደተመለሰልሽ ይቆጠራል እንጂ እንደ ትርፍ አይታይም። ችግሩ ስንቱ ትርፍ ስንቱ ተመላሽ እንደሆነ ኩባንያው የሚያሳውቀው ዓመቱ ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው። እስከዚያ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉም ላይ 30 ይቆረጣል። በየካቲት ወይም በመጋቢት ሲጣራ ድርጅቱ ራሱ ትንሽ ገንዘብ ወደ ሒሳቡ ሊመልስ ይችላል፣ ካልመለሰ ደግሞ ነዋሪ ያልሆነ ሰው ግብሩን በሚያሳውቅበት 1040-ኤንአር በሚባለው ቅጽ ይጠየቃል። ወንድምሽን ይህንንም ጠይቂው፣ «በዓመቱ መጀመሪያ የተመለሰ ገንዘብ አለ ወይ?» በዪው። ቁጣ ሳይሆን ጥያቄ ይሁን።

የጎረቤታችሁን ምክር ግን አትስሙት። ለክፋት እንዳልመከራችሁ አውቃለሁ፣ ሆኖም አባትሽን ችግር ውስጥ ይከታቸዋል። አድራሻው ወደ ልጃቸው ቤት ቢመለስና እንደ ነዋሪ ቢፈርሙ ቆረጣው ይቆማል፣ እውነት ነው። ፊርማው ግን «ሐሰት ከሆነ በሕግ ልጠየቅ» የሚል ቃል ያለበት ነው። ግሪን ካርዱን ራሳቸው መልሰዋል፣ መዝገቡ እዚያው አለ። በ70 ዓመታቸው በዓመት ለ360 ዶላር ብለው የውሸት ቃል የሚፈርሙበት ምን ምክንያት አለ? በዚያ ላይ ቅጹ የሚመጣው በልጃቸው ቤት ነው፣ ጣጣው ለሱም ይተርፋል። እሳቸው መፈረም ያለባቸው የአሜሪካ ነዋሪ አለመሆናቸውን የሚገልጸውን፣ ደብሊው-8ቤን የሚባለውን ቅጽ ነው። ሳይፈርሙ አልቀሩም፣ ለዚህ ነው ልክ 30 እየተቆረጠ ያለው። ከተፈረመበት ዓመት ቀጥሎ ያለው ሦስተኛ ዓመት ሲያልቅ ጊዜው ያልፋል፣ መታደስ አለበት። ቀኑን አሁኑኑ ጽፋችሁ ያዙ።

«አክሲዮኑን ለልጁ በስጦታ ያዛውሩለት» የሚልም ይመጣል። ያኔ ግብሩን ልጁ በራሱ ስሌት ይከፍላል። ነገር ግን ስጦታ ከሆነ የልጁ ንብረት ነው፣ ገንዘቡ ለአባታችሁ የሚመጣው እሱ ሲፈቅድ ብቻ ይሆናል። እናንተ ቤት አሁን ባለው ጥርጣሬ ላይ ይህንን መጨመር አልመክርም።

ሸጠን እናምጣው ወይ ላልሽው፣ ውሳኔው የአባትሽ ነው። ገንዘቡ የሳቸው ላብ ነው። ልጆች መክራችሁ ተዉላቸው። ግን የሚጠቅማችሁን ልንገራችሁ። እንደሳቸው ያለ የውጭ ሰው በገበያ ላይ የሚሸጥ የሪት አክሲዮን ትንሽ ድርሻ ይዞ ሲሸጥ ከሽያጩ ትርፍ ላይ አሜሪካ ግብር አትቆርጥም። 30ው የሚነካው በየሦስት ወሩ የሚመጣውን ክፍያ ነው። ሌላም አማራጭ አለ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ነዋሪ ያልሆነ የውጭ ሰው አሜሪካ ባንክ ያስቀመጠው ገንዘብ ወለድ፣ የአሜሪካ መንግሥት ቦንድ ወለድም ጭምር፣ ይህ 30 በመቶ አይቆረጥበትም። ሪቱ በዓመት የሚከፍለው 1,200 የ24,000ው 5 በመቶ ነው፣ ግብሩ ሲቆረጥለት 3.5 በመቶ ይሆናል፣ ስለዚህ ማወዳደር ያለባችሁ በ3.5ቱ ነው። አክሲዮን ሊወጣም ሊወርድም ይችላል። ቦንዱ ደግሞ እስከ ቀኑ ከተያዘ ዋናው ይመለሳል። ለ70 ዓመት ሰው እኔ ቢያንስ ግማሹን ወደዚያ አዞርለት ነበር።

ወደዚህ አምጥታችሁ «ሪል እስቴት አክሲዮን ማኅበር» የሚል ስም ያለው ነገር ላይ ብታውሉት ግን ያው ሪት አይደለም፣ ስሙ አያታልላችሁ። እዚህ ያለው ተራ ኩባንያ ነው። የትርፍ ግብሩን ይከፍላል፣ 90 በመቶ አከፋፍል የሚል ግዴታም የለበትም። ስንት እንደሚከፋፈል የሚወስነው ጠቅላላ ጉባኤው ነው፣ ዘንድሮ አናከፋፍልም ማለትም ይችላል። በየሦስት ወሩ የሚመጣ ገንዘብ ለለመዱ ሰው ይህ ከባድ ነው።

ሁለት አጭር ነገር ልጨምር። በገቢ ግብር አዋጃችን የኢትዮጵያ ነዋሪ ከውጭ የሚያገኘውም ገቢ ይመለከተዋል። ስለዚህ 1042-ኤሱን ወደ ገቢዎች ወይም ወደምታምኑት የሒሳብ ባለሙያ ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያ ግብር መከፈሉን የሚያሳየው ማስረጃ እሱ ነው። ሌላው፣ አሜሪካ የማይኖር የውጭ ሰው ሲሞት እዚያ ያለው አክሲዮንና መሰል ንብረቱ ከ60,000 ዶላር ካለፈ የውርስ ግብር ይመጣበታል። የአባታችሁ 24,000 ስለሆነ አይደርስበትም። ለአባታችሁ ረጅም ዕድሜ ይስጥልን፣ ግን ወራሾቻቸውን አሁን በጤናቸው ያስመዝግቡ፣ በኋላ ለናንተም ለወንድማችሁም ያቀልላችኋል።

ዛሬ ማታ ደውዪለት። እዚያ ከሥራ የሚወጣበትን ሰዓት ጠብቂ፣ መንገድ ላይ እያለ አትያዢው። «በልተኸዋል» የሚለው ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ፣ እህትሽም አጠገብሽ ብትሆን ጥሩ ነው። «የ1042-ኤሱን ፎቶ ላክልን፣ ለአባባ ልናነብላቸው ነው» በዪው። ሳጥን 7ኤ ላይ ያለው ከሳጥን 2 ሲሰላ 30 በመቶ ካልመጣ ቁጥሮቹን ብቻ ጻፊልኝ፣ ስምና የሒሳብ ቁጥር ሸፍኚና፣ አብረን እናየዋለን።